በከንፈር ብቻ

ሽመና ክፍል ውስጥ የወጣልኝ ስም ሬዲዮ ነው። ጠዋት ከተከፈትኩ እስከ ማታ አልዘጋም። ይሄ ሁሉ ወሬዬ ግን ድምፅ የለውም፤ ሃምሳ ማሽን በአንዴ ሲያጓራ ማን ማንን ይሰማል? እኛ ሸማኔዎች የምናወራው በከንፈር ብቻ ነው። የፈረቃ ኃላፊውን አጠገቡ ቆሜ ሳማው እንኳ አይሰማኝም። ሰው ፊት በድምፅ ተናገሪ ካላችሁኝ ግን አለቀልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እንደኔው ሸማኔ የሆነችው ታናሽ እህቴ ፈረቃ ተረክባኝ በኔ ማሽን ስትሠራ ሁለት ጣቶቿን ማሽኑ ቆረጣቸው። የማሽኑን መከላከያ ክዳን ከአንድ ቀን በፊት ፈትቼ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክር በተበጠሰ ቁጥር መክፈቱ ሰልችቶኝ ነበር። መልሼ ሳልገጥመው ወጣሁ፤ ለሷም አልነገርኳት። እሷ ግን «ጠዋት ሳጸዳ አንስቼው መመለሱን ረስቼ ይሆናል» ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ አመነች። እኔም አመነች ብዬ ዝም አልኩ። ፋሻዋን እየቀየርኩላት፣ ዓይኗን እያየሁ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት መላ ሠራተኛው ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ የእህቴን ጉዳይ አነበበና በቸልተኝነቷ ከሥራ ትሰናበት አለ፤ የሚናገር ካለም ይውጣ አለ። መስታወት ፊት አሥር ጊዜ ተለማምጄ ነበር የመጣሁት። እህቴን የታሰረ እጇን አቅፋ ሳያት እንደምንም ተነስቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ተናገርኩ፤ ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም አልኩ፣ አንድም ሳላስቀር። እፎይ ብዬ ዞር ስል ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን መታ መታ ያደርጋል። ማይክሮፎኑ ደህና ነበር።

«የምትይው ከሌለሽ ውረጂ» አለኝ።

ለካ ድምፅ አላወጣሁም! ሲጨንቀኝ አፌ የለመደውን ሠርቷል። አለቆቹ አንዲት ቃል አልሰሙም፤ ፊት ለፊቴ ያሉት ሸማኔዎች ግን ሁሉንም ከከንፈሬ አንብበውታል። እህቴም አንብባዋለች።

የባሰውን ልንገራችሁ? ውረጂ ሲለኝ ደስ አለኝ። እኔ ተናግሬያለሁ፣ ካልሰማችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ብዬ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ሸማኔዎቹ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። እህቴ ግን ቀና ብላ አላየችኝም፤ የምታየው ፋሻዋን ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ተመለስኩ። «መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። ጸሐፊዋ አልሰማሁም ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ለቃለ ጉባኤው ሙሉውን ስትለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩት፤ ያኔ ድምፄ ቀጥ አለ። እህቴ በሥራዋ ትቀጥል፣ የኔ ጉዳይ ሰኞ ይታይ ተባለ።

እህቴን በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ሴቶቹ ትከሻዬን እየነኩ ጎበዝ፣ ደፋር ነሽ እያሉኝ አለፉ፤ እነሱ እንዲህ ባሉ ቁጥር እኔ አንገቴን ደፋሁ። እህቴ የወጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ይቅር በይኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝርክርክ እያለች ስትሰድበኝ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር» አለች። «አሁን ለሷም አንቺው ትነግሪያታለሽ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ።»