ጥሩንባ የተነፋለት ልዑል

ወይዘሮ ሙሉመቤት ሠላሳ አምስት ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ አንድ ቁጭት ቀርቷቸው ነበር። የጥንት ግሪኮችን የጦርነት ትረካ ለፈተና ሳይሆን ለራሱ ሲል የሚያዳምጥ ሰው አላገኙም። ስለዚህ የለቡ መብራት ኃይል ዕድር አዳራሹን ለአንድ ቅዳሜ ምሽት ትረካ እንዲፈቅድላቸው ሦስት ወር ደጅ ጠኑ። ሊቀመንበሩ አቶ ፈየራ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ሰው መጥቶ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ ምሽቱ በየወሩ ይቀጥላል፣ ካልሆነ አዳራሹ ኳስ ማሳያ ይሆናል።

ሰው የመጥራቱ ሥራ ለማናዬ ተሰጠ። ማናዬ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሞት በቀር ለሌላ ነገር ነፍቶ አያውቅም፤ ጥራ ሲባል የሚያውቀውም መንገድ ያው አንዱ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጥሩንባውን ነፋና «አሥራ አንድ ሰዓት አዳራሽ! የእትዬ ሙሉመቤት ጉዳይ ነው! ማንም እንዳይቀር!» እያለ ሰፈሩን አዳረሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሙሉመቤት አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ክራር ተጫዋቹን ኤልዳድን አስከትለው ሲደርሱ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ጢም ብሏል። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላና ሁለት ድስት ንፍሮ አዩ። የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ አማከለች አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው «እኔን ይድፋኝ! ማን ነው የሞተብሽ?» ሲሉ ነገሩ ገባቸው።

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም!»

አቶ ፈየራ ወደ ማናዬ ዞሩ። «አንተ! ጥሩንባ በውሸት ነፋህ? ነገ ታስረክባለህ!»

«ጥራ ተባልኩ፣ ጠራሁ» አለ ማናዬ። ላብ አጥምቆታል።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን መፍታት ጀመሩ፤ ንፍሮውም ተነሣ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ሦስት ወር ደጅ የጠኑበት ምሽት በዓይናቸው እያዩት ሊበተን ሆነ። ግን መምህር ናቸውና የሚበተን ክፍል መያዝ ያውቁበታል።

«ቆዩ! የሞተማ አለ» አሉ ጮክ ብለው። «የንጉሥ ልጅ ነው። ባሕር ማዶ።»

«መቼ ሞተ?» አሉ አማከለች። «ሰልስቱ አለፈ?»

«ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል።»

«ይኼ ሁሉ ዘመን መርዶውን ማን ደበቀው?» ብለው አቶ ፈየራ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላውም ተቀመጠ፤ ንፍሮውም ለማንም ይሁን ለማን አንዴ ተቀቅሏል።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ጀመሩ። ግሪኮች አንዲትን ከተማ አሥር ዓመት እንደከበቡ፣ የከተማው ልዑል ከግሪኮቹ ኃይለኛ ጋር ተፋልሞ እንደወደቀ፣ ገዳዩም ሬሳውን በሠረገላ እየጎተተ አላስቀብርም እንዳለ ተናገሩ።

«ሬሳ ከለከለ?» ብለው አቶ ፈየራ ብድግ አሉ። «ሽማግሌ አልላኩበትም?»

«አባትየው ራሱ ሄደ። ሽማግሌ ንጉሥ፣ ብቻውን፣ ጠላት ሰፈር።»

ኤልዳድ ክራሩን ቀስ ብሎ ነካ አደረገ።

«ክራር በለቅሶ ቤት?» አሉ አቶ ፈየራ።

«ተወው፣ ይከተለኝ» አሉ አማከለች። ተነሡና ደረታቸውን እየመቱ ሙሾውን አወረዱት፦

*ምን አገር ነው ዘመድ ዕድር የሌለበት፣*
*አባት ለልጅ ሬሳ ደጅ የሚጠናበት።*

ሴቶቹ ተቀበሉ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምረዋል፤ አልቅሰውበት ግን አያውቁም ነበር። እንባቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ሽማግሌው ልጁን የገደለውን እጅ ሳመ። ገዳዩም አገር ቤት የተወውን የራሱን አባት አስታወሰ። ሁለቱም አብረው አለቀሱ። ከዚያ ሬሳውን አሳጥቦ ሰጠው፤ ለለቅሶውም ብሎ ጦርነቱን አሥራ አንድ ቀን አቆመ።

«አሁን ሰው ሆነ» አሉ አቶ ፈየራ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። አንድም ሰው አልወጣም፤ የንፍሮው ድስትም ባዶ ሆኗል። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲባባል አቶ ፈየራን ግን አንድ ነገር ከነከናቸው።

«እትዬ ሙሉ፣ የገዳዩ አባትስ? ልጁ ተመለሰለት?»

«አልተመለሰም። እዚያው ሞተ፤ አባቱን ሳያይ።»

አቶ ፈየራ ጥሩንባውን ለማስረከብ አቅፎ ጥግ ወደተቀመጠው ወደ ማናዬ ዞሩ።

«በሚመጣው ወር» አሉት፣ «ለእሱም ትነፋለታለህ።»