ጓዳ የተቆለፈበት ወንድም

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሱሪ ሲያሳጥር ሰውየውን ሦስቴ አስቁሞ ለክቶ ሲያበቃ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ ቀጥ ይበሉልኝ» የሚል ጉደኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጨርቅ አይሳሳትም። በሰው ግን ተሳሳተ፣ ያውም በገዛ ወንድሙ!

የዚያን ቀን ጠዋት ሱቁ ውስጥ አንዲት ርእሰ መምህርት ነበሩ። የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ በሙሉ ለእሱ ሊሰጡት አስበው፣ ናሙናውን ገልብጠው የውስጥ ስፌቱን ይመረምራሉ። እሱ ትንፋሹን ውጦ ፊት ፊታቸውን ያያል። በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሙ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገባና መደርደሪያ ሊደገፍ ሲል አንድ ጣቃ ጨርቅ ይዞ ወረደ። «ማ... ማሙ...» አለ። «ማሙሽ» ማለቱ ነበር፤ ምላሱ ተሳስሯል፣ ከንፈሩም ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል።

ታላቅየው ድሮ ጠጪ ነበር። ትቷል፤ ከተወ ቆይቷል። ሰፈር ግን የሚያስታውሰው የጠጣውን እንጂ የተወውን አይደለም። ከሰፈሩ ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ደግሞ ማን ሆነና? ስንት ጊዜ ከመንገድ ዳር አንስቶ፣ ትከሻው ላይ ጭኖ ቤቱ ያስገባው ይኸው ታናሽየው ነዋ! «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለ በሆዱ። ደሙ ፈላ። ከስንት ቀን ዛሬን መርጦ ይምጣ?

ፈገግታ ፊቱ ላይ ለጥፎ «ዘመድ ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» አላቸው ለርእሰ መምህርቷ። «ወንድሜ» ለማለት እንኳ አፈረ። ከዚያ በክንዱ አጥብቆ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ጨርቅ ወደሚያስቀምጥበት ጓዳ ነዳው። «ድምፅህን እንዳልሰማ! እስኪበርድልህ እዚሁ ተኛ!» ብሎ ከውጭ ቆለፈበት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። በመዳፍ ነው፣ ደከም ያለ ማንኳኳት። «ማሙ...»

ሚሊሜትር ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ርእሰ መምህርቷ ሥራውን ሰጡት። በደስታ ሲለካ ሲቆርጥ የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ፀሐይዋም ዘቀዘቀች። ጓዳውን የከፈተው ገበር ስላለቀበት እንጂ ወንድሙ ትዝ ብሎት አልነበረም። ታላቅየው በሩ ሥር ወድቋል፤ ዓይኑ ክፍት ነው። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከሥሩ ተጣጥፎ ቀርቷል። ሚሊሜትር ተንበረከከና አፉን አሸተተ። የመጠጥ ሽታ የሚባል ነገር የለም።

«ወይኔ! ወይኔ ጋሼ!»

ሆስፒታል ሲደርሱ እንጉላላ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር። ማን አጉላልቶት! ገና አልጋው ላይ ሳያሳርፉት አንዱ ስኳሩን ለካ፣ ሌላው ግፊቱን አየ፣ አንዷ ደም ቀዳች። ሐኪሟ «እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ» አለችው፤ ፈገግታው በግማሽ ፊቱ ቀረ፣ ቀኝ እጁም አልነሳ አለ። ወዲያው አልጋውን እየገፉ ለጭንቅላት ሲቲ ስካን ይዘውት በረሩ። ሚሊሜትር ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እነዚህ ለማያውቁት ሰው እንዲህ ይሮጣሉ። እሱ ደግሞ ለእናቱ ልጅ ያደረገው ሬዲዮ ማስጮህ ነው። ከራሱ ጋር መቆም አስጠላው።

የወንድሙ ሚስት እያለከለከች ስትደርስ ሐኪሟም ከምርመራው ተመለሰች። «ስትሮክ ነው። የረጋ ደም ወደ አንጎሉ የሚሄደውን የደም ሥር ዘግቶታል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት ከቤት ሲወጣ ምንም አልነበረም» አለች ሚስቱ። «ወደ እሱ ሱቅ ነበር የሄደው።»

ሁለቱም ወደ ሚሊሜትር ዞሩ። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አዎ፣ እኔ ጋ ነበር። ደህና ነበር፣ ስንጫወት ነው የዋልነው። አሁን በቅርቡ ነው ድንገት የወደቀው።»

«እንግዲያው ደርሰናል!» አለች ሐኪሟ፤ አጠገቧ ለቆመው ነርስም በእጇ ምልክት ሰጠችው። «የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። በቶሎ ከተሰጠ እጃቸውንም ንግግራቸውንም ሊያተርፍ ይችላል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ከሰጠነው ግን አንጎላቸው ውስጥ ደም ያፈስና ሊገድላቸው ይችላል። ሰዓቱን አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው።»

ሚስትየው ሚሊሜትር አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አንተን ባይሰጠው ምን ይውጠው ነበር!» አለችው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! ቢናገር በዚች ሴት ፊት ተዋርዶ ይቀራል። ዝም ቢል ወንድሙን ገዳይ ነው። እንግዲህ ይሄ ምኑ ያማርጣል? እሱ ግን አማረጠ፤ ነርሱ መድኃኒቱን በጥብጦ መርፌው ውስጥ እስኪስበው ድረስ ቆሞ አማረጠ። ያቺን ቅጽበት ዕድሜ ልኩን ያፍርባታል።

«ቆይ! ተው፣ እንዳትሰጠው!» ብሎ ጮኸ። «ዋሽቻለሁ። ጠዋት ነው የጀመረው። ሲመጣ እግሩን ይጎትት ነበር፣ አፉም ተጣሞ ነበር። የጠጣ መስሎኝ... ደንበኛ ፊት አፍሬበት ጓዳ ቆለፍኩበት። ሲያንኳኳም ሰምቼዋለሁ።»

ነርሱ መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች ሐኪሟ። ብትሰድበው በተሻለው። እሷ ግን ለስድብ ጊዜ አልነበራትም፤ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስበው የሚያወጡትን ሐኪሞች ለማማከር ስልክ አነሳች። ምስሉን አብረው አዩት። የሞተው የአንጎሉ ክፍል ሰፍቶ ስለነበር ለዚያም ረፍዷል።

«ጠዋት መጥቶ ቢሆንስ?» አለች ሚስትየው።

«ዋስትና ባልሰጥም ጥሩ ዕድል ነበራቸው» አለች ሐኪሟ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው። ሚስትየው አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ቀስ ብላ ወደ ሚሊሜትር ዞረችና «ጠጋ ብለህ ብታሸተው ይበቃ ነበር እኮ» አለችው። ከዚያም ጥላው ወደ ባሏ አልጋ ሄደች።

ታላቅየው የስትሮክ ታማሚዎች ብቻ የሚተኙበት ክፍል ገባ። እዚያ መተኛት ብቻ አይደለም። ያገላብጡታል፣ በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል፣ የሞተውን እጁን ያንቀሳቅሱለታል፣ ምላሱን ያሠሩታል። መዋጥ መቻሉን ሳይፈትኑ ውሃ እንኳ አላቀመሱትም። ፈተናውን ሲያልፍ ነርሷ አጥሚት የመሰለ ወፈር ያለ ምግብ በሳህን ይዛ መጣች። «ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። በትንሽ ማንኪያ፣ በግራ በኩል። መዋጡን ሳታዩ ሌላ እንዳትጨምሩ፤ ሳንባው ይገባል። ማታ ማታ ማን ነው የሚያጎርሰው?»

ሚስትየው ልጆቿ ዘንድ መመለስ ነበረባት። ሚሊሜትርን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሌላ ማን አለ?» ብላ ሳህኑን እጁ ላይ አኖረችና ወጣች።

ሚሊሜትር አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። «ጋሼ» አለ፤ ያሰበውን ይቅርታ ትቶ ወንድሙን ደግፎ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠው። ማንኪያውን ሞልቶ አነሳና አንሶላው ላይ ደፋው። ቀንሶ ደግሞ ጨለፈ። ወንድሙ ያንን ጓዳ የቆለፈበትን እጅ አየ፣ ከዚያም ፊቱን አየ፣ እናም አፉን ከፈተለት። ሚሊሜትር ማንኪያውን እንደያዘ ተንሰቀሰቀ። ታላቅየው አፉን እንደከፈተ ጠበቀው።