በግድግዳው ላይ ያረጀው ሙሽራ

ከቋሊማ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ተስያለሁ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ በበሬ በሚሳብ ጋሪ ላይ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ ሳጥን ይዤ፣ ትናንት ከጀርመን አገር የመጣሁ ይመስል ወንዛችንን አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከከተማችን ከኖይታል ወጥቼ ከሳን አንቶኒዮ አልፌ አላውቅም። ሠዓሊው ከተማችንን የቆረቆሩትን ጀርመኖች ሊስል ሲመጣ የአንዳቸውም ምስል አልተገኘም። ስለዚህ የከተማውን ሰው እያቆመ የእኛን ፊት እየሰጠ ሳላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች፣ ክርስቶፍና አዲሷ ሙሽራው፣ እኔና ሃርላን ሆንን። ያን ጊዜ እኛም ቀለበት አስረን ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሃርላን ከወንዙ ማዶ የቀሩትን የአባቱን ከብቶች ሊያመጣ በፒካፑ ወጣ። ዝቅተኛውን ድልድይ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። በማግስቱ አገኙት፤ ቀበርነው። እኔም አለቀስኩ፣ ከሳሁ፣ ከዓመታት በኋላ የባለ ቋሊማ ቤቱን ልጅ ሚልተንን አገባሁ፣ ሦስት ልጆች ወለድኩ። ምን ይደረጋል፣ ሰው ይኖራል።

ከግንቦት በዓል በፊት ያለችውን ቅዳሜ የቀለም ቅዳሜ እንላታለን። ሥዕሉ ላይ ሰው ያለው ቤተሰብ ሁሉ ጣሳና ቡሩሽ ይዞ ይመጣና የየራሱን ሰው ያድሳል። ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስትመታው ይውላል፣ የቴክሳስ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም። እኛ ቋሊማ እንጠብሳለን፣ ሌላው ድንች ሰላጣና ቢራ ያመጣል፣ ሕፃናቱ በቀለም ይጨማለቃሉ። እኔ ቀሚሴን ሰማያዊ እቀባለሁ፣ ጉንጬን ትንሽ አቀላለሁ፣ ከመሰላሉ እወርዳለሁ። ከዚያ ሌላ ፊቴን አልነካካም፤ በገዛ እጄ መጨማደድ ምን ቁርጥ አድርጎኝ! ሃርላንን የሚቀቡት ግን እናቱ ታንቴ ኤልፍሪዳ ነበሩ። ዘመድ ሆኑም አልሆኑም፣ በእኛ ከተማ በዕድሜ የገፉ ሴት ሁሉ የሁሉም ታንቴ፣ በጀርመንኛ አክስት፣ ናቸው።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። አንድ ዓመት ዓይኑ ጥግ ቀጭን መስመር፣ ሌላ ዓመት ከጉንጩ በታች ትንሽ ጥላ። ሠላሳ ሊሞላው በነበረበት ዓመት ጺም አወጣ። በአርባው ጆሮ ግንዱ ላይ ሸበተ፣ ቁርጥ አባቱን አርኖን። ከዚያ ቦርጭ መጣ። ሃምሳ ዓመቱ ላይ ታንቴ መነጽር አደረጉለት።

"ታንቴ፣" አልኳቸው ከጎናቸው መሰላል ላይ ሆኜ፣ "በዚያ ዘመን በሬ የሚነዳ ሰው መነጽር ያደርግ ነበር እንዴ?"

"በአርኖ ቤተሰብ ከሃምሳ በኋላ ያለ መነጽር የሚያይ የለም።" ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። "ምን ይሁን ታዲያ፣ በሬዎቹን ገደል ይክተታቸው?"

እንግዶች ከግድግዳው ፊት እየቆሙ "ይቺ ምስኪን አባቷን ነው እንዴ ያገባችው?" እያሉ ይስቁ ነበር። ሚልተንም አይለቀኝም።

"ባልሽ አርጅቷል፣ ግሌንዳ። እኔ እሻልሻለሁ።"

"እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም" እለዋለሁ።

ታንቴን ግን ያስቆማቸው ሰው አልነበረም። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። ያ ባለ መነጽር ጎልማሳ የታንቴ ልጅ ነበር እንጂ እኔ የማውቀው ልጅ አልነበረም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት በልቤ "እንዴት አደርክ" ብዬው ወደ ሥራዬ እገባለሁ፣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት።

ባለፈው ዓመት ግድግዳው መላጥ ጀመረ። የክርስቶፍ በሬ ቀንዱን አጣ፣ የጫማ ሰፊው ሚስት ግማሽ ፊቷ ረገፈ። ከንቲባችን ዌስሊ ማሪሴላ የምትባል የሥዕል አዳሽ አስመጣ። ልጅቷ ቀለሙን በጥፍሯ ነካ ነካ አድርጋ እውነቱን ነገረችን። በየዓመቱ የደራረብነው የቤት ቀለም እርጥበት እየያዘ ከሥር ያለውን የሠዓሊውን ሥራ ይዞት እየረገፈ ነበር። ድርብርቡ ሁሉ መነሳት አለበት፣ ከዚያ ግድግዳው መከላከያ ይቀባል፣ ከእንግዲህ ማንም ቡሩሽ አያስነካውም።

ማዘጋጃ ቤት ተሰበሰብን። ታንቴ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን እየገፉ መጡና ከፊት ቆሙ።

"የእሱን ፊት ተዉልኝ" አሉ።

"ታንቴ፣ ሥዕሉ እኮ የክርስቶፍ ነው፣" አለ ዌስሊ ድምፁን አለስልሶ። "ሰውዬው ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር።"

"ክርስቶፍ ማን እንደሆነ ለእኔ ታስተምረኛለህ? የሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ እኔ!"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

"ልጄ የተቀበረበትን አውቃለሁ። አበባ የማስቀምጥለት እኔ ነኝ። አላበድኩም። ግን እኔ እያረጀሁ ስሄድ እሱን እዚያ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ጥዬው መሄድ አቃተኝ። የትኛዋ እናት ናት ልጇን ጥላ የምትሄደው? ሌላውን ሁሉ አንሱት። እሱን ብቻ ተዉልኝ።"

ማሪሴላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እናቴ፣ ብተወውም አይቆይልዎትም። ይረግፋል፣ ሲረግፍም ከሥር ያለውን ፊት ይዞት ይሄዳል። ከመጀመሬ በፊት ፎቶ አንስቼ፣ በትልቁ አሳጥቤ እሰጥዎታለሁ።"

"ፎቶ አያረጅም" አሉ ታንቴ።

እጅ ወጣ፣ ተወሰነ። የምሰድበው ክፉ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

ማሪሴላ በጥጥና በቀለም ማስለቀቂያ፣ ድርብርቡን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያነሳች ትሠራ ነበር። ታንቴ በየጠዋቱ እየመጡ ከሱቃችን ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። መጀመሪያ መነጽሩ ሄደ።

"እንግዲህ ማየትም አይችልም" አሉ።

ቦርጩ ሄደ። ቀጥሎ ሽበቱ። ማሪሴላ ግንባሩ ላይ ያለ አንድ ጥልቅ መስመር ጋ ስትደርስ ታንቴ ከተቀመጡበት ሊነሱ ቃጣቸው።

"አርኖ የሞተ ዓመት ነው ያን ያደረግኩለት። አብሮኝ እንዲያዝን።"

መስመሩም ሄደ። ሾርባ ባወጣላቸው ሳይነኩት ቀዘቀዘ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ታንቴ፣ ልውሰድዎት ወደ ቤት። ለምን ራስዎን ይቀጣሉ?"

"ያን ቀን ድልድዩ ጋ አልነበርኩም፣" አሉኝ። "አሁን ግን የትም አልሄድም።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሪሴላ ጺሙን አነሳች፣ ከዚያ ጉንጩን፣ በመጨረሻም ዓይኖቹን። ስትጨርስ ከመወጣጫው ወርዳ ዞር አለች። ታንቴ እጄን ጭምድድ አድርገው ይዘው ነበር፤ አብረን ቀና አልን።

ሃርላን ነበር። ያ ለስላሳ አገጭ፣ ያ ሊስቅ ሲል የሚጠመዘዝ ከንፈር። ሠዓሊው "ወንዙን እይ" እያለ ሲለምነው እሱ እምቢ ብሎ እኔን ነበር የሚያየው፤ ሠዓሊው ቢቸግረው እንዲያው ሳለው። ታንቴ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓይኖቹን ወደ መንገዱ ስላቀኗቸው ረስቼው ነበር። እንዴት ረሳሁት? ይኸው፣ ጋሪው ላይ ካለችው ልጅ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል፣ ነገ የሚያገባት ይመስል።  እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት፣ ሽርጤን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ደጃፌ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ታንቴ አላለቀሱም። ግድግዳውን ብዙ ካዩ በኋላ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጄን ለቀቁ።

"ውሰጂው፣" አሉኝ። "ይሄ ያንቺው ነው። የእኔው ሄዷል።"

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ዞረውም አላዩት። ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ አያልፉም። ቋሊማቸውን ሚልተን ቤታቸው ድረስ ያደርስላቸዋል።

እኔ ግን ሱቄን ጥዬ የት እሄዳለሁ? በየጠዋቱ በሩን ስከፍት እዚያ ነው። እኔን አያየኝም፤ ያችን ባለ ሰማያዊ ቀሚስ ነው የሚያየው። ቋሊማ እቆርጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ ቀና ስል ይኸው። ሽበቱ እንዴት እንደናፈቀኝ ለማን ይነገራል? ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ።

"ምነው ቤቱን አጨለምሽው?" አለ ሚልተን።

"ፀሐዩ ቋሊማውን እያበላሸብኝ ነው።"

መስኮታችን ወደ ሰሜን ነው። በዚያ በኩል ፀሐይ ገብታ አታውቅም፤ ይህን ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ ተወልዶ ካደገው ከሚልተን በላይ የሚያውቅ የለም።  እሱ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰስ አደረገው።

"ስስ ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ወፍራም መጋረጃ ገዝቶ መጣና ራሱ ሰቀለው።