ክብሪት ይሉት የነበረ ሰው

የሟች ታላቅ ወንድም ወንበሩን ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሥጋ ሻጭ ነው፤ ትከሻው ብቻ ደጃፉን ይሞላል። ለቀስተኛ ሲመጣ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ያሳልፍና መልሶ ይዘረጋዋል። የጋራዡ ኤሌክትሪሻን እዚህ ቤት ብቅ ካለ እግሩን እንደሚሰብረው ከቀብር ሲመለሱ ጀምሮ ሲናገር ነበር። የተቃወመው የለም።

የሟች ሚስት ፍራሹ ላይ ሆና ትሰማለች። እሷም አልተቃወመችም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር።

ባሏና ኤሌክትሪሻኑ በአንድ ጋራዥ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ኤሌክትሪሻኑ መኪናውን በክሪክ ብቻ አነሳው፤ መደገፊያ አላስገባም። "ግባ፣ ችግር የለውም" አለው። ባሏም አምኖት ከመኪናው ሥር ገባ። ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናው ላዩ ላይ ወደቀ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ ሟቹ ደግ ሰው እንደነበር ስታነሳ፣ ሌላዋ ዱሮስ አይጣል ነበር አለች።

እውነቷን ነው። ዱሮ የጋራዡ ሰዎች ባሏን "ክብሪት" ነበር የሚሉት። የደንበኛ መኪና መስታወት በመፍቻ አድቅቆ ያውቃል። የማድ ቤቱን በር በእርግጫ ገንጥሎታል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ትንሿ ልጃቸው ኮቴውን ሰምታ አልጋ ሥር ገባች። ጎንበስ ብሎ ቢጠራት፣ ቢለምናት አልወጣም አለች። ያኔ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሄዶ ለቄሱ ነገራቸው። እሳቸውም ከያዕቆብ መልእክት አንድ ቃል አስያዙት፦ "ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቍጣም የዘገየ ይሁን፤ የሰው ቍጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና።" ከዚያ ወዲህ ደሙ ሲፈላ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጋራዡን ይዞር ጀመር። ባልደረቦቹ "ክብሪቱ ረጠበ" እያሉ ሳቁበት። ሁልጊዜም አልሆነለትም። አንዳንድ ቀን ገና ሲገባ "ዛሬስ ተሸነፍኩ" ይላታል። በማግስቱ እንደገና ይጀምራል። ልጅቷ ኮቴውን ስትሰማ በር ልትከፍትለት መሮጥ የጀመረችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሚስቱ አሁን ያንን ቃል ለራሷ ልትለው ሞከረች። "ለቍጣም የዘገየ" ጋ ስትደርስ አቋረጠችው። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ እንዲያ አለዝበህ አለዝበህ ልትወስደው ነበር? በአምላክም ተናዳ ነበር። ግን አልተወችውም፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ደጅ ላይ ጫጫታ ተሰማ።

ኤሌክትሪሻኑ መጥቷል። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ሥጋ ሻጩ ኮሌታውን ጨምድዶታል። እሷ ከፍራሹ ተነሳች። የሚይዟትን ሴቶች አልፋ በሩ ጋ ደረሰች።

"ጋሼ፣ ይልቀቁት። ይግባ።"

"ማን? ወንድሜን የበላው?"

"አዎ፣ እሱ።"

"የባልሽን ደም ረገጥሽው በያ!"

"አልረገጥኩም። ያጠፋውን ፖሊስም ዳኛም ሲጠይቀኝ አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ፤ ፊቱ ላይ ነው የምናገረው። እዚህ ቤት ግን በባሌ ስም እጅ አይነሳም። ቁጣን ከዚህ ቤት ለማስወጣት እንዴት እንደታገለ እኔ ነኝ የማውቀው። እርስዎ አፈሩ ሳይደርቅ ሊመልሱት ነው? አልፈቅድም።"

ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።  ሥጋ ሻጩ ኮሌታውን ለቀቀና ወንበሩን አንስቶ ወደ ግቢ ወጣ። ቂሙን አልተወም፤ እጁን ግን ሰብስቧል።

"አንተ ግባ" አለችው ኤሌክትሪሻኑን።

ገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "መደገፊያውን እኮ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ገና እዚያ አልደረሰችም፤ ከልቧ ያልሆነውን ደግሞ አትናገርም። ቃሉን እንደገና ከመጀመሪያው በልቧ ጀመረች።

ከዚያ መሐረቧን ዘረጋችለት። በእሷ እንባ ርሶ ደረቅ ቦታ አልነበረውም። ተቀብሏት ፊቱን ጠረገ።