የቂርቆሱ ጉጉት

የወፍ ተመልካቾቹ ማኅበር በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ካዛንቺስ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ካፌ ይሰበሰባል። ያየ ያወራል፣ የቀረው ይጠራጠራል። የተወራው ሁሉ ግን አይመዘገብም። አንድ ወፍ የሚመዘገበው ሁለት አባላት በየራሳቸው ዓይን ሲያዩት ነው። ጀማነሽና ባለቤቷ አስመላሽ ለብዙ ዓመት አንዳቸው ለሌላው ምስክር ሆነው ኖረዋል። አስመላሽ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚያ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ ያወራው ከባሌ የተመለሰው ዳግም ነበር። ሰነቴ ላይ ነፋስ ድንኳናቸውን እንደወሰደባቸው እየተረከ ሳለ የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታጁዲን አቋረጡት።

«ስለ ድንኳንህ ማን ጠየቀህ? ወፏስ?»

«ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ። ከነጫጩቶቿ።»

«ሰማያዊውን አየኸው ወይስ ከመጽሐፍ ነው ያመጣኸው?»

«ስትበር አየሁት እኮ ጋሼ።»

«አንተን አይታ ነዋ የበረረችው» አለች ሊዲያ፣ ከማኅበሩ በዕድሜ ትንሿ። ሁሉም ሳቁ።

ተራው የጀማነሽ ሆነ። ቂርቆስ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጽድ ላይ ባለረጅም ጆሮውን የደጋ ጉጉት እንዳየች ተናገረች። ያ ጉጉት ጥቅጥቅ ካለ የተራራ ደን የማይወጣ ነው፤ ቤት ከቤት በተጣበቀበት መሐል ከተማ አየሁት የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ ጋሽ ታጁዲን ባላስተረፉት ነበር። ጀማነሽም ይህንኑ ጠብቃ መልሷን አዘጋጅታለች።

«ይመዘገብ» አሉ ጋሽ ታጁዲን ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ምስክር የለኝም እኮ።»

«ግድ የለም። አንቺ ካልሽ ይበቃል።»

ዳግም እንኳ አንገቱን አቀርቅሮ ማኪያቶውን አማሰለ። ያን ጊዜ ገባት። ወንበር ሲለቁላት፣ ቦርሳዋን ሲሸከሙላት ከርመዋል፤ አሁን ደግሞ ወፍ ሊሰጧት ነው።

«ዳግምን ለአንድ ዝይ ያን ያህል አፋጥጠውታል» አለች። «እኔን ለምን አይጠይቁኝም?»

«እንግዲህ ጀማነሽ፣ እኛ እኮ...»

«ሐዘንተኛ ናት ተብሎ ወፍ አይመዘገብልኝም። ሰኞ ጠዋት መጥታችሁ እዩት። ካልሆነ ይሰረዝ።»

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ታጁዲን ከግቢው አጥር ማዶ ካለ ፎቅ ደረጃ ላይ ቴሌስኮፓቸውን ተከሉ። ሊዲያ ሜክሲኮ ካለው ቢሮዋ ከመግባቷ በፊት ብቅ አለች፤ ነጠላ ስላልያዘች ጀማነሽ የራሷን ትርፍ ነጠላ አለበሰቻት። ደጉ የሚባለው የግቢው ጥበቃ የአንገታቸውን መነጽር ሲያይ መንገድ ዘጋ።

«በዚህ ምን ልታዩ ነው?»

«ጉጉት» አለች ጀማነሽ።

ደጉ አማተበ። «እሷንማ ካገኛችኋት ይዛችሁልን ሂዱ። የሰፈሩ ልጆች በድንጋይ ሲያሯሯጧት እንኳ ተመልሳ ትመጣለች። ለቅሶ ትጠራለች እኮ።»

«እኔ ቤት ለቅሶ የገባው ያለ ጉጉት ነው» አለችው ጀማነሽ። ደጉ አያት፤ ከመንገዱም ዞር አለ።

ጽዱ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ሊዲያ ሰዓቷን አየች።

«በቃ እትዬ፣ አይቻለሁ ልበልልዎት? ማለቴ፣ እርስዎ አይዋሹም።»

«እንዳትሞክሪው።»

ጀማነሽ ቀና ብላ መፈለጉን ትታ ወደ መሬት አየች። ከዛፍ ዛፍ እየዞረች ነጭ ኩስ ፈለገች። ከግቢው ጥግ ካለ ዋርካ ሥር ኩሱንም፣ ጉጉት የሚተፋውን የአይጥ አጥንትና ጠጉር ድብልቅም አገኘች። ቀስ ብላ መነጽሯን አነሳች።

ግንዱን ተጠግቶ ተቀምጧል። ግን ያ ያየችው ቀጭን፣ ረጅም ወፍ አይደለም። እንደ ጠገበ ድመት ተድቦልቡሏል፤ ጆሮዎቹም አጫጭር ናቸው። ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ጥቁር ነው። የደጋው ጉጉት ዓይን ብርቱካንማ ነው።

ልጆቹ ድንጋይ መወርወራቸውን ደጉ ነግሯታል። የደነገጠ ጉጉት ላባውን ሰብስቦ ይቀጥናል፤ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቅርንጫፍ ይመስላል። ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ለስንት አዲስ አባል አስተምራለች። ያን ዕለት ግን ጆሮውን አየችና በቃት።

ስልኳ ጮኸ።

«አየሁት» አሉ ጋሽ ታጁዲን። «ከዚህ ሆኜ በደንብ አይለይም። ባለረጅም ጆሮው ሊሆን ይችላል።»

«ዓይኑ ምን ዓይነት ነው?»

«ቅጠሉ ትንሽ...»

«ጋሽ ታጁዲን፣ ዓይኑ።»

«ጥቁር ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ስሙን ይንገሩኝ።»

«ግራጫው ጉጉት ነው። ተራው።»

«ተራው» አለች ጀማነሽም። «ተሳስቻለሁ።»

ሊዲያ በነጠላው ጫፍ አፏን ይዛ ቀረች። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ አስመላሽ ካረፈ ወዲህ ያልሰማችው የጋሽ ታጁዲን ድምፅ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ግራጫ ጉጉት ይጠፋሻል? ለመሆኑ መጠኑን አላየሽም? የደጋው እኮ ከዚህ ያንሳል።»

«ርቀቱን ሳትኩ።»

«ከየት ቆመሽ?»

«ከሴቶች በር።»

«ፀሐዩስ?»

«ፊት ለፊቴ ነበር።»

«ፀሐይ ፊት ለፊትሽ ሆኖ ነው የጆሮ ርዝመት የለካሽልን? ዳግም ይህን ሲሰማ ምን ሊልሽ ነው?»

«የሚለውን ይበል፤ መልስ አላጣለትም» አለች። ሊዲያ በምልክት ተሰናብታት ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ታጁዲን ደረቱ ላይ ያለው መስመር እንዴት እንዳመለጣት ይጠይቁ ጀመር። ጀማነሽ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛውራ፣ ዓይኗን ከወፉ ሳትነቅል ትመልስላቸው ቀጠለች።