የእማማ እታለማሁ ደጃፍ

ፎቶ የሚነሳ ሰው መሰናዳት አለበት። ይህን ለዳንግላ ሰው ያስተማርነው እኔና ባሌ ኢስሃቅ ነን። ፎቶ ቤታችን በር ኋላ አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ ቀይ ከረባትና መሥራት ያቆመ የእጅ ሰዓት ተሰቅለው ይኖራሉ። የገበያ ቀን ባላገሩ ሲመጣ ፊቱን ይታጠባል፣ ኮቱን ያጠልቃል፣ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን ሰብሰብ ያደርጋል። ከዚያ ኢስሃቅ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ “አትተንፍስ” ይለዋል። ሳይሰናዳ የመጣውን ግን ባልንጀራው ቢሆን እንኳ መልሶ ይሰደዋል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ ነው። ከንፈሩን፣ የቀሚሱን ጥለት፣ ከረባቱን በቀጭን ብሩሽ ቀለም እቀባለሁ። የአገራችን ሰው ቀለም ካላየበት ፎቶ የተነሳ አይመስለውም።

እማማ እታለማሁ በመስከረም አንድ ጠዋት ሲመጡ የለበሱት የቤት ነጠላቸውን ነበር። ኢስሃቅ እንደ ልማዱ ታጥበው እንዲመለሱ ሊነግራቸው ሲል፣ እሳቸው ፎቶ መነሳት እንደማይፈልጉ አስታወቁን። የሚፈልጉት መናፈሻው ውስጥ ያለ አበባ እንዲነሳላቸው ነው። ኢስሃቅ ሳቀ። የእኔ ባል መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

መናፈሻው ማዘጋጃ ቤቱ በቅርብ ዓመታት የሠራው ነው። በሽቦ ታጥሯል፣ ጽጌረዳ ተተክሎበታል፣ አግዳሚ ወንበሮችም አሉት። ከዚያ በፊት ሰፈር ነበር፤ የእማማ እታለማሁም ጎጆ እዚያው ነበረ። ሰፈሩ ሲነሳ ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ተሰጣቸውና ምንም ሳይሉ ሄዱ። መስከረም በጠባ ቁጥር ግን በማለዳ መጥተው መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ሞኟ ፀሐይ የሚሞቁ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ነገሩን። ወርቅነሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ውሃ ስትቀዳ ከወንዙ ዳር የውሃ አንቁር እያመጣች በበራቸው ግራና ቀኝ ትተክል ነበር። የውሃ አንቁር ገበሬ የሚረግመው አረም ነው። ነቅለው ድንጋይ ላይ ቢጥሉት እንኳ ሥር ይሰዳል። ግን በጠዋት የሚያወጣት ሰማያዊ አበባ ታምራለች፤ ለቀትር ትከደናለች። እማማ እታለማሁ ሰው ደጃፌን አይቶ ሰነፍ ይለኛል እያሉ ይነቅሉታል፣ ልጅቱ መልሳ ትተክላለች። በዚህ ሲጣሉ ኖሩ። አንድ ጥቅምት ላይ ወርቅነሽን ንዳድ ያዛትና ሳትነሳ ቀረች። በዚያን ጊዜ ዳንግላ ፎቶ ቤት የሚባል ነገር ስላልነበራት የልጅቱ መልክ የትም የለም። እናትየው ከዚያ ወዲህ ያን አረም ነቅለው አያውቁም። ቤቱ ፈርሶ ሣር ቢለብስም፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር የውሃ አንቁሩ ደጃፉ በነበረበት ቦታ ተሰልፎ ይወጣል።

ታዲያ አሁን ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ልጃቸው ውዱ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ለመስቀል መጥቶ ሊወስዳቸው ነው።

“ልጄ ልጡርሽ አለኝ፣ እሺ አልሁ” አሉ። “እሷን ግን ለማን ትቻት ልሂድ?”

ነቅለው ቢወስዱትስ፣ የትም ይበቅል የለም ወይ አልኳቸው። መብቀሉንማ ይበቅላል፣ እሷ የተከለችበት ደጃፍ ላይ ግን አይሆንም ብለው መለሱልኝ። ለእኔ አላህ ልጅ አልሰጠኝም፤ የሌለኝን ልጅ ስናፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የነበረን ልጅ መናፈቅ ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ ግን የዚያን ቀን ፊታቸው ላይ አየሁት።

ኢስሃቅ ሳቁን ትቶ ወደ መናፈሻው ጠባቂ ወደ ደጉ ሄደ። ነገ ጠዋት ለእማማ እታለማሁ የመናፈሻውን አበባ ፎቶ እናነሳለን ብሎ አስፈቅዶ ተመለሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛም ምንም አልጠረጠርንም።

በማግስቱ ካሜራውን በጋሪ ጭነን ሄድን። እማማ እታለማሁ ከበሩ ላይ ጠበቁን። ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተቀብተው፣ ለክት ያስቀመጡትን ነጠላ አጣፍተው ነበር። እሳቸው አይነሱ፣ ለማን ብለው ለበሱ አልኩ በሆዴ።

ስንገባ መናፈሻው የተኳለች ሙሽራ መስሏል። ሣሩ ታጭዷል፣ የጽጌረዳው መደብ ዙሪያ ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል፣ መሬቱ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ደጉ ጢሙን ተላጭቶ ቆሟል። እማማ እታለማሁ ወደ መጨረሻው ወንበር ፈጠን ፈጠን ብለው ሄዱና ቆሙ። ከፊታቸው የተኮተኮተ ቀይ አፈር ብቻ ነበር።

ደጉ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ወገቡን እንዳላቀና፣ አረም የሚባል አንድ እንኳ እንዳላስቀረ እየተኩራራ ነገራቸው። እሳቸው ዞር ብለው በአዊኛ አናገሩት። የእኔ አዊኛ ከገበያ አያልፍም፤ ከቃሉ ሁሉ የለየሁት የወርቅነሽን ስም ነው። ደጉ ባርኔጣውን አወለቀ።

“በፋሲካ ፎቶ ስታነሱኝ ፊቴን አስታጥባችሁ፣ ኮት አልብሳችሁ አይደል?” አለኝ። “መናፈሻውም እንደዚያው መስሎኝ። ለሳቸው ይመርላቸው ብዬ።”

ደጉ ያለው ልክ ነው። ከአጥሩ ኋላ ሮጦ የነቀለውን አረም በጉያው ታቅፎ መጣ። እኔ፣ ኢስሃቅና ደጉ ተንበርክከን ፈለግን። ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር፤ ትናንት የተከደነችው አበባ አልተከፈተችም፣ ሰማያዊ የሚባል አንዲት ፍንጣቂ አላገኘንም። ይበቅላል እኮ፣ ከሳምንታት በኋላ ያው ነው አለ ደጉ። ይበቅላል፤ እሳቸው ግን አይኖሩም።

በደጉ ልናደድ አልቻልኩም። የተናደድኩት በር ኋላ በተሰቀለው በዚያ ኮት ነበር። ኢስሃቅን ዕቃህን ሰብስብና እንሂድ አልኩት።

“አንሳው” አሉ እማማ እታለማሁ።

“ምኑን ላንሳ፣ እማማ?”

“ደጃፌን።”

ሳይሰናዳ የመጣን ሰው የሚመልሰው የእኔ ባል ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ።

ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ እማማ እታለማሁ መጥተው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡ። የሚታየው አመድማ መሬትና የወንበሩ አንድ እግር ብቻ ነው። ሰማያዊ በጠበጥኩ። የለም፣ ይህ የቀትር ነው፣ የእሷ ገና ጤዛ ያለበት ነው አሉኝ። ጨመርኩበት፣ ቀነስኩለት፣ እንደገና በጠበጥኩ። የስንቱን ሰው ከንፈርና ከረባት ቀብቻለሁ፣ ወላሂ እንደዚያ ቀለም ያስቸገረኝ የለም። በመጨረሻ ዓይናቸውን አስጠግተው አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ቀለሙን ማግኘቴን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ በጣታቸው ይመሩኝ ጀመር። እዚህ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እዚህ አንዲት ብቻ፣ እዚህ መቃኑ ነበር፣ እዚህ ጋ እንስራዋን ታስቀምጥ ነበር። እኔ ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ ተከተልኳቸው። አመድማው መሬት ላይ የማላውቀው ቤት ደጃፍ እየወጣ መጣ። በግራና በቀኝ ጨርሼ መሀሉ ባዶ ስለቀረ እጄ በልማዱ ወደዚያ ሄደ። እማማ እታለማሁ አንጓዬን ያዙኝ።

“እዚህ ላይ አትቀቢ።”

“ባዶ ሆነ እኮ፣ እማማ።”

“ባዶ አይደለም” አሉ። “እሷ የምትቀመጥበት ነው። እሷ ኸተቀመጠችበት ላይ በቅሎ አያውቅም።”

ኢስሃቅ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ብሩሼን አነሳሁና፣ እሱ ለደንበኛ ሁሉ እንደሚለው ሳልተነፍስ፣ ዙሪያዋን ብቻ ቀባሁ።