የዓፊያ የመናፈሻ ሰሞን

ዓፊያ አንገቷ ላይ ያለውን እብጠት ለዓመታት ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። አሶሳ ውስጥ እንቅርት ያለባት ሴት እሷ ብቻ አይደለችም፤ የምትከናነበውን ሰፊ ጨርቅ፣ ቶቧን፣ ከፍ አድርጋ ትጠመጥምበታለች፣ ገበያዋን ትወጣለች፣ ማንጎዋን ትሸጣለች፣ በቃ። ዘንድሮ ግን እብጠቱ በአንድ ጎኑ ጠጠረ፤ ምራቋን ስትውጥም ይይዛት ጀመር። የአሶሳው ሐኪም በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየና፣ "አዲስ አበባ ሄደሽ ናሙና ቢወሰድልሽ ይሻላል" አላት። ዓፊያ አማርኛ እምብዛም አይሆንላትም፤ "ናሙና" የሚለውን ቃል አላወቀችውም። ባሏ ሻዕባን ግን ገባው። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ፊቱ ተለዋውጦ ስላየችው ቃሉን እንዲተረጉምላት አልጠየቀችም።

ሻዕባን የሰሊጥና የማንጎ ነጋዴ ነው። ነገር አያበዛም፤ ሲፈራ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ሲጓዙ "ውሃ ጠጪ"ና "ደረስን" ከማለት በቀር ያወራው ነገር ትዝ አይላትም። አዲስ አበባ ሲገቡ ኮልፌ፣ የእህቱ ልጅ ነዕማ ዘንድ አረፉ። ነዕማ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ደግ ልጅ ናት። ያላት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዋን ለእንግዶቿ ለቃ እሷ መሬት ተኛች። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተቀዳና "ውጤቱ የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው" ተባሉ።

ጠዋት ነዕማ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ባልና ሚስት በዚያች ክፍል ውስጥ ተፋጠው ቀሩ። ዓፊያ የታጠበውን ዕቃ ደግማ አጠበች። ሻዕባን ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ እንደቆመ ሁለቱም ያውቃሉ። በኋላ ሻዕባን ብድግ ብሎ ቆቡን አጠለቀ።

"ተነሺ፣ የአብዱልረሂም እናት" አላት በራሳቸው ቋንቋ። "እዚህ ታፍነን አንውልም። ከተማውን ላሳይሽ።"

"ታውቀዋለህ?"

"አታውቅም ወይ ትለኛለች! በጉብዝናዬ ማንጎ ጭኜ የተመላለስኩበት አገር እኮ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እመራሻለሁ።"

ዓይኑን ሳይጨፍን ጠፋበት። ይፈልግ የነበረው ያኔ ከጭነት መኪናው ሥር ያደረበትን የወንዝ ዳር ነው። ከአንዱ ታክሲ ወርደው ሌላ ተሳፈሩ፤ "እዚህ ጋ ነው" ብሎ በልበ ሙሉነት ባስወረዳት ቁጥር ፎቅ ወይም ሰፊ አስፋልት ይቀበላቸዋል። ዓፊያ ኋላ ኋላው እየተከተለች ሳቋን ዋጠች። መጨረሻ ላይ ወንዙን አገኙት፤ እሱ የሚያውቀውን ዳርቻ ግን አላገኙትም።

"እዚህ ነበር" አለ ሻዕባን፣ ቆሞ ዙሪያውን እየቃኘ። "ወላሂ እዚሁ ነው። አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናድረው፤ አይጡ በላያችን ላይ ይሮጣል።"

አሁን ከፊታቸው ያለው ተዳፋቱን ተከትሎ እርከን በእርከን የወረደ የአበባ መደብ ነው። ቢጫው ለብቻው፣ ቀዩ ለብቻው፣ ከታች ደግሞ ዓፊያ ስሙን የማታውቀው ሐምራዊ አበባ ወንዙ አፋፍ ድረስ ተነጥፏል። በጥርብ ድንጋይ የተሠራ መንገድ ከወንዙ ጋር እየተጣመመ ይሄዳል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለት ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘርግተው አንዷ ለሌላዋ ታስረዳለች። ሣሩ የተከረከመ የሰው ጠጉር መስሏል።

ሻዕባን አንዱን አግዳሚ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ግን አልተቀመጠም። መንገዱ ዳር ወደቆመች አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ሄደ።

"አንተ፣ እዚህ መቀመጥ ይቻላል?" ሻዕባን አማርኛ የተማረው ከሾፌርና ከጫኝ አውራጅ ነው፤ ሴትን "አንቺ" ማለት እስከ ዛሬ አይሆንለትም።

ጥበቃዋ ሳቀች። "አንተ አሉኝ፣ አባቴ? ይቀመጡ እንጂ፤ ለመቀመጫ አይደል እንዴ የተሠራው!"

"ባለቤቱ ማነው?"

"የምኑ ባለቤት?"

"የዚህ አበባ፣ የዚህ ወንበር... ሁሉም።"

"የሕዝብ ነዋ! የእርስዎም ነው።"

ተመልሶ ለሚስቱ ተረጎመላት፤ "የእኛ ነው ትላለች።" ዓፊያ ተቀመጠች። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ በጠርዙ ላይ ተቀመጠ። አሶሳ ከማንጎ ጥላ ሥር ሰው ይቀመጣል፤ ግን ወይ ይሸጣል፣ ወይ መኪና ይጠብቃል፣ ወይ ይመክራል። እዚህ ሰዉ የተቀመጠው ለምንም አይደለም። ወንዙን ለማየት ብቻ ነው። ዓፊያ ይህን ሐሳብ ወደደችው። ለስንት ዘመን አብራው ስትኖር ከሻዕባን ጋር ያለ ምንም ሥራ የተቀመጠችበትን ቀን ለማስታወስ ሞክራ አንድም አጣች።

"ሌላም እንዲህ ያለ አለ ይሆን?" አለችው።

"ይኖራል" አለ ሻዕባን፣ አሁን በዝግታ። "እንጠይቃለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ማታ ማታ ነዕማ የሚሄዱበትን ትነግራቸዋለች፤ ጠዋት ዳቧቸውንና ውሃቸውን በፌስታል ይዘው ይወጣሉ። የሰፈር ሕፃናት ዥዋዥዌ የሚጫወቱባትን ጠባብ መናፈሻ አዩ። በአደባባይ መካከል ያለች፣ መኪና ዙሪያዋን እየጮኸ እሷ ግን ጸጥ ያለች አንዲት የዘንባባ ጥላ አዩ፤ ዓፊያ ከሁሉም ይልቅ እሷ ገረመቻት። በእንዲህ ያለ ጫጫታ መካከል ይህችን ጥላ ለማስቀመጥ ያሰበው ሰው ማን ይሆን እያለች ስታሰላስል ዋለች።

ወዳጅነት ፓርክ የሄዱ ዕለት ደግሞ ሐይቁ ዳር ሠርገኞች በሠርገኞች ላይ እየመጡ ፎቶ ይነሳሉ። የአንዷ ሙሽራ ቬል በነፋስ ተነስቶ የሻዕባን ፊት ላይ ተጠመጠመ። ሻዕባን ደንግጦ "አስተግፊሩላህ!" ሲል ሚዜዎቹ እየሳቁ አላቀቁት፤ ዓፊያ ግን ሳቋ አላቆም ብሏት አግዳሚው ላይ ተደፋች። ስትስቅ ጉሮሮዋን ያማት ነበር፤ ቢሆንም ሳቀች። ሻዕባን መጀመሪያ ሊቆጣ አሰበ። ወዲያው ግን ከሆስፒታሉ ወዲህ ስትስቅ ሲያያት ይህ መጀመሪያው መሆኑ ትዝ አለውና እሱም ፈገግ አለ።

ከቀትር በኋላ የሐይቁ ፏፏቴ ተለቀቀ። ውሃው በሙዚቃው እየታጠፈ፣ እየተዘረጋ፣ አንዳንዴም እንደ ተምዘግዛጊ ጦር ወደ ላይ እየወጣ ተመልካቹ ላይ አካፋበት።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ምን ሊሠራ ነው?" አለ ሻዕባን።

"ምንም አይሠራም። ሊታይ ነው" አለችው ዓፊያ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ሲመሽ መብራቱ በሐይቁ ዙሪያ አንድ በአንድ ቦግ ቦግ አለ። ውሃው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወርቅማ ሆነ። ሻዕባን አጠገቡ ለተቀመጠ የማያውቀው ሰው ድንገት በአማርኛ፣ "ይሄ መብራት ከኛ አገር ነው የመጣ" አለው። "ከጉባ። ልጄ ግድቡ ላይ ብየዳ ሠርቷል። አብዱልረሂም ይባላል።" ሰውዬው ተነስቶ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። ሻዕባን ያን ማታ እስከ ኮልፌ ድረስ አንገቱን ቀና አድርጎ ተጓዘ፤ ለነዕማም ገና በር ላይ ሳለ ነገራት።

ረቡዕ፣ ከውጤቱ በፊት ባለው ቀን፣ ነዕማ ራይድ ታክሲ ጠርታ እንጦጦ ላከቻቸው። ከመኪናው እንደወረዱ ብርዱ አጥንታቸው ገባ። የአሶሳን ሙቀት የለመደ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ ሲቆም ጥርሱ ያለ ፈቃዱ ይንቀጫቀጫል። ጭጋጉ በባሕር ዛፉ ግንዶች መካከል ቀስ ብሎ እንደሚራመድ እንግዳ ይገባል ይወጣል። ቅጠሉ ያፏጫል፤ ሽታው ደረትን ይከፍታል። ወጣቶች በብስክሌት ይሽቀዳደማሉ፣ ልጆች በፈረስ ይዞራሉ። የእግር መንገዱን ተከትለው አንድ ገደል አፋፍ ሲደርሱ ጭጋጉ ገለል አለና ከተማው ከእግራቸው ሥር ተዘረጋ። ጫፍ የለውም። ፎቁ፣ ቆርቆሮው፣ ሚናራው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ በመካከሉም አረንጓዴ ነጠብጣቦች።

"ያቻትና!" አለች ዓፊያ እያመለከተች። "የአደባባይዋ ጥላ! ያ ደግሞ ሐይቁ ነው።"

ሻዕባን ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። "ሆስፒታሉ የት ጋ ነው?" አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱም ፈለጉት፤ አላገኙትም። ከዚያ በኋላ ነገራቸው ሁሉ ቀዘቀዘ።

የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት ሲደርስ ሻዕባን ሊሰግድ ወደ ዛፎቹ ዘለቀ። ዓፊያም በበኩሏ ራቅ ብላ ሰገደች። ጨርሳ ስትፈልገው ከአንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ሥር አሁንም በጉልበቱ እንደተቀመጠ፣ መዳፎቹ ወደ ላይ እንደተዘረጉ አገኘችው። ጀርባውን ነው የሰጣት። "ዓፊያ" ሲል ሰማች። ቃሉ በዓረብኛ ጤና ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ በዱዓው የሚለምነው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወትሮውን ልመና የሚለምን መሰላት። ቀጥሎ ግን በራሳቸው ቋንቋ፣ በተሰበረ ድምፅ፣ "ዓፊያን ዓፊያ ስጣት። ዓፊያን አትውሰድብኝ" አለ።

ዓፊያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከተጋቡ ጀምሮ ሻዕባን ሲጠራት "አንቺ" ነው፣ ወይም "የአብዱልረሂም እናት" ነው። ስሟን ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ስሟን ያውቀው እንደሆነ እንኳ የጠረጠረችበት ጊዜ ነበር። እግሯን ከደረቁ ቅጠል ላይ ቀስ ብላ አንስታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፤ መንገዱ ዳር ሆናም ገና አሁን የመጣች መስላ ጠበቀችው። ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ብርዱ ነው" አላት ሳትጠይቀው።

"አዎ፣ ብርዱ ነው" አለችው። የቶቧን ጫፍ አንስታ በትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ ሰው እያያቸው አብረው ወረዱ።

ሐሙስ ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ወረቀቱን አንብባ ቀና አለች። ወጣት ናት፤ ፊቷ አያስጨንቅም። "ክፉ ነገር አልተገኘበትም" አለች ለነዕማ። "ካንሰር አይደለም። ግን ጉሮሮዋን እየተጫነ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች፤ እስከዚያ ይህን መድኃኒት ትውሰድ።"

ነዕማ ሳትተረጉምላት በፊት ዓፊያ ከሻዕባን ትከሻ መውረድ ተረዳች። እሱ ግን አላመነም። "ድጋሚ ንገረኝ" አላት ሐኪሟን። ደገመችለት። "አንድ ጊዜ ደግሞ።" ሐኪሟ እየሳቀች ሦስተኛም ነገረችው። ውጪ ሲወጡ ሻዕባን ሰው በሚተላለፍበት ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ቆቡን አውልቆ ፊቱን በሱ ሸፈነ። ዓፊያ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቸኩሎ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞር እያለላቸው አለፈ።

"አውቶቡሱ ነገ ከንጋት በፊት አለ፤ ትኬት ልቁረጥላችሁ?" አለች ነዕማ።

ከመጡ ጀምሮ ሰሊጡ ተበላሸብኝ፣ ሱቁ ተዘጋብኝ ሲል የሰነበተው ሻዕባን ቆቡን አጠለቀና፣ "ቁረጪልን" አላት በራሳቸው ቋንቋ። "ግን ገና ጠዋት ነው። አንድ የቀረን አለ ብለሽን አልነበር?"

የቀራቸው ከኮልፌ ብዙም የማይርቀው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ይህኛው እንደ ሌሎቹ ፏፏቴ የለውም፤ ተራራውን የያዘ ጫካ ነው። ውስጡ ሲገቡ የከተማው ድምፅ ከኋላቸው እንደተዘጋ በር ጸጥ አለ። ዛፎቹ ሥር ስማቸው ተጽፏል። ሻዕባን እየተንተባተበ ያነባል፣ ዓፊያ ከአፉ ተቀብላ ትደግማለች። "ጽድ።" "ጽድ።" "ኮሶ።" "ኮሶ።" "ዝግባ።" የዝግባው ቁመት ቀና ብለው ቢያዩት የማያልቅ ሆነባቸው። ዓፊያ መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች፤ ቅርፊቱ ሻካራና ለብ ያለ ነው፤ የቆመ ትልቅ እንስሳ የነካች መሰላት። እንዲህ ያለውን ከመጥረቢያ አትርፎ፣ ስም ጽፎለት፣ ኑና እዩት ለሚል ሰው በልቧ ዱዓ አደረገች።

መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል ሻዕባን፣ "በግራ ነው፤ አውቀዋለሁ" አለ። ዓፊያ አየት አደረገችውና ሣር ወደሚያጭድ አንድ ሠራተኛ ሄደች። በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው በአማርኛ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

"ወንድም፣ ውሃ ያለው የት?"

"ምንጩን ነው? በቀኝ በኩል ውረጂ፣ እናቴ።"

በቀኝ በኩል ወረዱ። ሻዕባን አልተከራከረም። ከጥቁር ድንጋይ ሥር የምትፈልቅ፣ እጅ የማትሞላ ምንጭ አገኙ፤ ውሃዋ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ዳቧቸውን እዚያው ቆርሰው በሉ። ዓፊያ ቶቧን ከአንገቷ አላላችው፤ ነፋሱ በእብጠቱ ላይ ሲነፍስ የሚያየኝ አለ ብላ አልሸፈነችውም። ሻዕባን በጎኑ ጋደም ብሎ ቅጠል ለቅጠል እየዘለለ የሚወርደውን ብርሃን ሲከተል ቆየ። ቀኑ እንዴት እንደ ሄደ አላወቁትም።

ሣር አጫጁ ሲወርድ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "አባቴ፣ ልንዘጋ ነው" አላቸው።

ሻዕባን ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። ለዓፊያ እጁን ዘርግቶ አነሳትና ወደ ሰውዬው ዞረ።

"ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፈት?"

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ እንደሚነሳ ዓፊያ ታውቃለች። ያም ሆኖ ሰውዬው የሚመልሰውን ለመስማት ከባሏ አጠገብ ቆመች።